ማይክሮፎኑን ስትጠብቁ ማሰራጫውን ማን ይጠብቅ?

ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ቁጭ ብሎ ሻይ የሚጠጣ ጡረተኛ ማታ ማታ የሚያየው አያጣም። እኔ ግን ዕድሜዬን ማሰራጫ ጣቢያ ያደርኩ ሰው ነኝና ዓይኔ የሚሮጠው ወደ ማማ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ማማ አለ። ጫፉ ላይ ያለው ቀይ መብራት ጠፍቷል። ሳምንት ጠበቅሁ፤ ወር ሞላው። ያው ጨለማ! የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ብጠራ እንጀራው የሚቆረጠው ተረኛው ልጅ እንጂ ኃላፊው አይደለም።

ኧረ ለመሆኑ ይህች የአየር ኃይል ከተማ አይደለችም እንዴ? አሁን ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በዓመት እስከ 110 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድለት ያቀደው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ቦታው እዚሁ አጠገባችን ነው። ረዥም ማማ ቀይና ነጭ የሚቀባው፣ አናቱ ላይ መብራት የሚደረግበት ለጌጥ መሰላችሁ? አብራሪው እንዲያየው ነው!

የእኛ ገዢዎች «የራዲዮ ጥበቃ» ሲባል የሚታያቸው ጠመንጃ ብቻ ነው። አይፈረድባቸውም፤ ታሪካቸው ነው። በታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር የአልጋ ወራሹ መግለጫ የተሰማው በራዲዮ ነው። ጌጃ ላይ ሁለት ባለ 100 ኪሎዋት ማሰራጫ የነበረውን ብሥራተ ወንጌልን ደርግ መጋቢት 3 ቀን 1969 ወረሰው። ግንቦት 20 ቀን 1983 ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባም ድምፁን ያሰማው በዚያው በራዲዮ ነው። እናም በሩ ላይ ወታደር ይቆማል፣ መታወቂያ ይጠየቃል፣ ቦርሳ ይበረበራል። ይሁን! ከበሩ ወዲያ ያለውንስ ማን ይጠብቀዋል? ጠላት ከውጭ ሲጠበቅ ሞት ከውስጥ ተቀምጧል!

አንባቢ ሆይ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ትልቅ ማሰራጫ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ቮልት አለ። ማብሪያው ጠፋ ማለት ሞቱ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ካፓሲተር የሚባለው ዕቃ ኃይሉን ቋጥሮ ይቆያል። ስለዚህ በሩ ሲከፈት ኃይሉን ቆርጦ የተቋጠረውን ወደ መሬት የሚያፈስ መሣሪያ ይገጠማል። ያም ሆኖ እጅህን ከመስደድህ በፊት በመዳብ ሽቦ ከመሬት የተያያዘ ዘንግ ታስነካለህ። ብቻህንም አትገባም። በመካከለኛ ሞገድ ጣቢያማ አብዛኛውን ጊዜ ማማው ራሱ አንቴና ነው፤ መሬት ቆሞ የነካው ይቃጠላል። አጥሩም ለዚሁ ነው፤ ለፍየል አይደለም!

አንድ ሌሊት ሥርጭት ተቋረጠ። ስልኩ ይጮሃል፤ አለቃ ይቆጣል። ጓደኛዬ ብሬከሩን አጥፍቶ በሩን ከፈተ። የበሩ መሣሪያ «አስቸገረ» ተብሎ በሽቦ ከታሰረ ከርሟል። ዘንጉ አለ፤ የመዳብ ሽቦው ግን ተቆርጦ ለቆራሌው ተሸጧል። እጁን ሰደደ። ግድግዳ ላይ ሲወረወር በዓይኔ አየሁት! እኔ አብሬው ባላድር ኖሮ ጧት የሚገኘው ሬሳው ነበር። እሱ ተረፈ፤ ሁለት ጣቶቹ ግን አልተረፉም።

ከዚያስ? ከዚያማ ኮሚቴ ተቋቋመ! ኮሚቴውም «የሠራተኛው ቸልተኝነት» ብሎ ፈረደ። መዳቡን ማን ሸጠው? የበሩን መሣሪያ ማን አሰረው? ጠያቂ የለም። ዛሬ እዚያው ጣቢያ ሌሊት የሚያድረው አንድ ሰው ብቻ ነው ይሉኛል፤ ለሁለተኛው በጀት የለማ! ለበዓል ድንኳንና ለባነር ግን በጀት ሞልቷል።

«የድሃ አገር ችግር ነው» የሚል አይጠፋም። ውሸት! ፖላንድ ውስጥ ኮንስታንቲኑፍ ላይ የቆመው 646 ሜትር ማማ በዘመኑ በዓለም የሚስተካከለው አልነበረም። ነሐሴ 2 ቀን 1983 ተንኮታኩቶ ወደቀ። ጦር አልመጣበትም። ወጥረው የያዙት የብረት ገመዶች ሲቀየሩ በተፈጠረ ስህተት ነው የወደቀው። ገመድ አዋቂ እጅ ይፈልጋል፤ የእኛዎቹ ገመዶች መጨረሻ የተፈተሹት መቼ ነው? መዝገቡን አምጡና አሳዩን!

የምንጠይቀው ሰማይ ቤት አይደለም። በየፈረቃው ሁለት ሰው ይደር። የታሰረው መሣሪያ ይፈታ። የመሬት ሽቦው ክረምት ከነመብረቁ ሳይገባ ይለካ፤ የተሰረቀው ይተካ። ጥገናው በመዝገብ ይስፈር፤ መዝገቡንም ከጣቢያው ውጭ የሆነ ሰው ይመርምረው። አደጋ ሲደርስም ከተጎጂው በፊት ኃላፊው ይጠየቅ።

ማይክሮፎኑ ላይ የሚነገረውን እያንዳንዷን ቃል ታጣራላችሁ። ማሰራጫው ውስጥ ያለውን አንድ ሽቦ ማጣራት እንዴት አቃታችሁ? ነገ አንድ ልጅ ብቻውን ሞቶ ሲገኝ የሐዘን መግለጫችሁን የምታነቡት በዚያው በሞተበት ማሰራጫ ነው።

እስከዚያው እኔ ሐይቁ ዳር ሆኜ ቀዩን መብራት እጠብቃለሁ። ልብ ያለው ልብ ይበል!