ደብተራቸውን የሚያይላቸው ሰው ይፈለጋል



በጠቅላላ ስብሰባው ላይ ለወረዳው ቤተ መጻሕፍት ጥያቄ እናቅርብ ስንል፣ «ደግሞ ለልቦለድ ጸሐፊ!» ብለው የሳቁ ነበሩ። ነገሩ ግን አያስቅም። ግጥምና ታሪክ የሚጽፉ ልጆች አሉን፤ ጽፈው ጽፈው ፍራሽ ሥር ይወሽቁታል። አንዷማ ባለፈው ክረምት ደብተሯን የከሰል ማቀጣጠያ አደረገችው። የሚያነብላት የለማ!

ወመዘክር ከ1936 ዓ.ም ጀምሮ አለ፤ በ2014 ዓ.ም ደግሞ አራት ኪሎ ላይ አብርሆት ተከፈተልን። መጽሐፍም ወንበርም አለ። የጎደለው ከጀማሪው አጠገብ ቁጭ ብሎ «ይቺን እስቲ አሳጥራት» የሚል ሰው ነው።

ይህ ከውጭ የመጣ ነገር እንዳይመስላችሁ። የቅኔ ተማሪ ሲቆጥር ውሎ ከየኔታ ፊት ይቀርባል፤ በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ የኔታም ሰምተው ያርሙታል። በጅምላ አይደለም፣ ተራ በተራ ነው። እኔም ከስድስተኛ ክፍል የቀረሁት ሰውዬ ቃለ ጉባኤ መጻፍ የቻልኩት የቀድሞው ጸሐፊ በቀይ እስክሪብቶ እየሰረዙ ስላሳዩኝ ነው። ያኔማ ተናድጄ ነበር።

የምንጠይቀው ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ጠረጴዛ፣ ለአንድ ልጅ ግማሽ ሰዓት ነው። (አንድ ለአምስት አላልንም፣ አንድ ለአንድ ነው።) ጡረታ የወጣችሁ መምህራን፣ ከዳማው ላይ ትንሽ ሰዓት ቀንሱልን። ልጁን አርሙት እንጂ አትሳቁበት። ደብዳቤው ዓርብ ስለሚገባ እስከ ሐሙስ ማታ ስማችሁን አስመዝግቡ።

የማኅበሩ ጸሐፊ