መኪና ለሌለው ሰው ፀጥታ ስንት ነው?

እናቴ ምጽዋን ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው በ1981 ዓ.ም. ነው። አባቴ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበር። ከተማዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ከመያዟ ጥቂት ወራት ቀደም ብላ ልጆቿን ይዛ ወደ አዲስ አበባ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ ኑሯችን ዊንጌት ሆነ። ስለ ባሕር በር በቴሌቪዥን በተወራ ቁጥር እማዬ የምትለው አንድ ነገር ነው፦ «ወደቡን ተዉት፤ እኔን የናፈቀኝ የማዕበሉ ድምፅ ነው።»

ባለፈው ጥር ባሕሩ ባይሆን ሐይቅ ዳር ሦስት ቀን ላሳርፋት ተነሣሁ። መኪና የለንም። አንድ ማረፊያ ደወልኩና «ፀጥ ያለ ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። «በጣም!» አሉኝ። ዊንጌት የከተማው ሰሜን ጫፍ ነው፣ ቃሊቲ መናኸሪያ ደግሞ ደቡብ ጫፍ፤ ጉዟችን ገና ሳይጀመር ግማሽ ቀን በላ። አውቶቡሱ አስፋልት ላይ አወረደን። ወደ ውስጥ የሚገባ ታክሲ የለም። የተገኘው ባለ ባጃጅ ከአዲስ አበባ ከመጣንበት የአውቶቡስ ሒሳብ የሚበልጥ ጠየቀን፤ ከፈልን። ማታ ሠርግ ነበር። ድምፅ ማጉያው እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አልቆመም። እማዬ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ «ከዚህስ የዊንጌት አደባባይ ይሻላል» አለችኝ። በማግስቱ ተመለስን።

ነገሩን ሳስበው ጥፋቱ የባለ ሆቴሉ ብቻ አይደለም፤ ጥያቄዬም የማይረባ ነበር። «ፀጥ ያለ ነው?» ሲባል «አይደለም» የሚል ነጋዴ የት አለ? መጠየቅ የነበረብኝ «በዚያ ሳምንት አዳራሹ ተይዟል ወይ? ጄኔሬተሩ ከየትኛው ክፍል ጀርባ ነው? ከአውቶቡስ መውረጃው በእግር ስንት ደቂቃ ነው?» ብዬ ነው። የመጨረሻዋ ጥያቄ ከሁሉም ትበልጣለች። ባለ መኪናው ጩኸት ሲሰለቸው ቁልፉን ያነሣና ሌላ ቦታ ይፈልጋል። በአውቶቡስ የመጣ ሰው ግን የደረሰበት ቦታ ላይ ተይዟል፤ እራቱንም እንቅልፉንም ያንኑ ግቢ ደጅ ይጠናል። ስለዚህ መኪና የሌለው ሰው የሚያምረውን ሳይሆን አማራጭ ያለበትን ቦታ መምረጥ አለበት እላለሁ።

በዚህ መለኪያ ላንጋኖ ይወድቃል። መዋኛነቱን ማንም አይክድም፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ማረፊያዎች ከዋናው መንገድ ገባ ያሉ ናቸው፣ የተሠሩትም ለባለ መኪና ነው። ቢሾፍቱ ቅርብ ነው፣ ሚኒባስ አይጠፋም፤ ሆኖም ቅዳሜና እሑድ ግማሽ አዲስ አበባ ድምፅ ማጉያውን ይዞ ወደዚያ ይወርዳል። ማክሰኞ የሚሄድ ሰው ሆራንም ባቦጋያንም በሰላም ያያቸዋል። (እውነተኛውን ባሕር ለሚሻ ከፉሪ ለቡ እስከ ጅቡቲ የተዘረጋ ሐዲድ አለ፤ ግን ፓስፖርትና ሙቀት የሚችል ገላ ይፈልጋል።) የእኔ ምርጫ ሐዋሳ ነው። 275 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ ነገር ግን ሐይቁና ከተማው የተጣበቁ ናቸው። ባጃጁ አይቸግርም፣ አንዱ ፔንሲዮን ካልተመቸ ሌላው ጋ በእግር ይደረሳል።

ጉዳዩ የእኔና የእናቴ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ወንጪና ጎርጎራ በገበታ ለሀገር ሲለሙ ሁላችንም አይተናል፤ ቆንጆ ነው። በአውቶቡስ የሚመጣው ጡረተኛ ግን በየትኛው ሐይቅ ዳር ነው የሚያድረው? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፤ በየሐይቁ ዳር ግን አጥሩና ጥበቃው ይቀበለናል። ስለ ጩኸቱም ሕግ አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የድምፅ መጠን ደረጃ እንዲወጣ ያዛል። ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ የሆነው አዋጅ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ማንን እንዳስቆመ እንጃ። አዲስ ሪዞርት ከመመረቁ ጎን ለጎን ከመናኸሪያ ሐይቁ ድረስ የሚሄድ አንድ መደበኛ ሚኒባስ ቢመደብ፣ ከዳርቻውም ጥቂት መቶ ሜትር ያለ አጥር ቢተው ምን ያህል ያስወጣል?

ለሁለተኛ ጊዜ የሄድነው በዐቢይ ጾም፣ በሥራ ቀን ነው። በጾም ሠርግ የለም፤ ይህን ያስተማረችኝ ራሷ እማዬ ናት። ከሐዋሳ ሐይቅ ሁለት መንገድ ገባ ያለ ትንሽ ፔንሲዮን ያዝን። ሐይቁ ከመስኮቱ አይታይም፣ ዋጋውም የመጀመሪያውን ግማሽ አይሞላም። ሌሊት የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ቀሰቀሰን፤ እሷ ተነሥታ ጸለየች፣ እኔ ትራሱን ጆሮዬ ላይ ደፋሁ። ጠዋት በእግራችን ፍቅር ሐይቅ ወረድን። ነጠላዋን ተከናንባ ለረጅም ጊዜ ምንም ሳትናገር ውሃውን አየች።

«ጨው ጨው አይሸትም» አለችኝ በመጨረሻ። ቀጥላም «ነሐሴስ? ፍልሰታ አይደል?»