መረብ አይመርጥም

በሜክሲኮ አገር የካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ የሚባል ጠባብ ባሕር አለ። ከዚህ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ የማይገኝ አንድ ፍጥረት በዚያ ይኖራል፤ ስሙ ቫኪታ ነው። ትርጓሜውም በእስጳንያ ቋንቋ ትንሿ ላም ማለት ነው። ቫኪታ የዶልፊን የቅርብ ዘመድ ሲሆን ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ዓይኑም የተኳለ ይመስላል። ሊቃውንት ለይተው የሰየሙት በ1958 ዓመተ ምሕረት ነው (በፈረንጅ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንደዚሁ ናቸው)።

ቫኪታ ዓሣ ይመስላል እንጂ ዓሣ አይደለም። እንደ እኛ በሳንባው ይተነፍሳል፤ ልጁን ያጠባል። ስለዚህ አየር ለመሳብ ወደ ውሃው ፊት መውጣት አለበት። የአገሩ ዓሣ አጥማጆች ደግሞ በባሕሩ ውስጥ እንደ መጋረጃ የሚንጠለጠል መረብ ይዘረጋሉ። ዓሣው በስንጥቡ ሲያዝ ቫኪታውም አብሮ ይተበተባል፤ ወደ ላይ መውጣት ስለማይችልም ታፍኖ ይሞታል። አጥማጁ እሱን አልፈለገም፤ ግን መረብ አይመርጥም።

ከሁሉ የከፋው ቶቷባ ለሚባለው ትልቅ ዓሣ የሚጣለው መረብ ነው። ቶቷባን ማጥመድ ከ1975 ጀምሮ ክልክል ነው፤ ይሁን እንጂ የአየር ከረጢቱ በቻይና በውድ ዋጋ ስለሚሸጥ በስውር ይጠመዳል። በ1997 ወደ 600 ይገመት የነበረው ቫኪታ በ2015 ወደ 60 ወረደ። በ2024 በታሰሰው ክፍል የታዩት ከ6 እስከ 8 ብቻ ናቸው።

መንግሥት ዝም አላለም። በ2015 እንዲህ ያለውን መረብ ለሁለት ዓመት ከለከለ፤ በ2017 ክልከላውን ቋሚ አደረገው። ነገር ግን ካሳው በብዛት የደረሰው ፈቃድ ላላቸው ሰዎች ነው፤ በጀልባው ላይ የሚደክመው ድሃ እምብዛም አላገኘም። ልጆቹን የሚያሳድርበት ሌላ ሥራ የሌለው ሰው በሌሊት ወደ ባሕሩ ተመለሰ። በ2022 የባሕር ኃይሉ መረብ የሚይዝ ሜንጦ ያላቸውን የሲሚንቶ ብሎኮች ወደ ባሕሩ ጣለ፤ በዚያ ስፍራ የሚዘረጋው መረብም በጣም ቀነሰ። ሆኖም እርዳታው የደረሰው ጥቂቶች ብቻ ከቀሩ በኋላ ነው።

እንግዲህ ይህን ከሌላ ባሕር ጋር እናስተያይ። በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ፥ በሜይን ባሕረ ሰላጤ፥ የቫኪታ ዘመድ የሆነው ፖርፖይዝ እንዲሁ በመረብ ይያዝ ነበር። በ1994 ሊቃውንትና ዓሣ አጥማጆች አብረው በመረቦቹ ላይ ድምፅ የሚያሰሙ ትንንሽ መሣሪያዎች አሰሩ፤ በሌሎቹ ላይ ግን ድምፅ የማያሰሙትን አደረጉ። ዝም ባሉት መረቦች 25 ፖርፖይዝ ሲያዝ፥ በሚጮኹት የተያዘው 2 ብቻ ሆነ። አጥማጁ ሥራውን አልተወም፤ እንስሳውም በብዛት ከመሞት ዳነ። ይህ ፈተና የተደረገው ገና ብዙ ፖርፖይዞች ሳሉ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ዛሬ ወይም ነገ ደንብ አርቃቂዎች ወይም አስፈጻሚዎች ትሆናላችሁ። «ክልክል ነው» የሚለውን ቃል መጻፍ ቀላል ነው። ከዚያ ቀጥሎ ግን «ታዲያ ይህ ሰው በምን ይደር?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም ከራሱ ከሰውየው ጋር ፈልጉ። ይህ ጥያቄ የተረሳበት ደንብ በመዝገብ ቤት ይቀመጣል፤ መረቡም በባሕሩ ውስጥ ይቆያል።