1,000 ሰው ለ547 ወንበር

ሰሞኑን ሰቃ ነበርኩ። ቡና ቤት ቁጭ ባልኩበት ከጎኔ የነበረ ወጣት ስልኩን አዞረልኝ። ቴሌግራም ላይ “ማንን ትመርጣላችሁ?” ተብሎ ድምፅ ተሰብስቧል፤ አንዱ ፓርቲ በ4 ነጥብ ይመራል። “ጋሼ፣ ያለቀ ነገር ነው” አለኝ። ፊት ለፊታችን የነበሩት ቡና ነጋዴ አዛውንት ግን “ስንት ሰው ጠየቁ? የት የት?” አሉ። እውነትም፣ ከጆንያው አፍ ብቻ አፍሶ ዋጋ የሚቆርጥ ነጋዴ አይዘልቅም። ከመሃልም ከታችም አውጥቶ ያያል።

የቴሌግራሙ ድምፅ የጆንያው አፍ ነው፤ ስልክ ያለው፣ ቻናሉን የሚከታተል፣ ምናልባትም ውጭ አገር የሚኖር ሰው የሰጠው። ብዛቱ አያድነውም። በ1936 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው መጽሔት ከ2 ሚሊዮን በላይ ምላሽ ሰብስቦ ሩዝቬልት ይሸነፋሉ አለ፤ እሳቸው ከ48 ግዛቶች 46ቱን አሸነፉ።

እሺ፣ ጥናቱ በደንብ ተሠራ እንበል። 1,000 ሰው በዕጣ ተመርጦ ቢጠየቅ የአንድ ፓርቲ ድርሻ 3 ነጥብ ያህል ወዲህ ወዲያ ሊል ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ወደ 6 ነጥብ ይወዛወዛል። ስለዚህ የልጁ 4 ነጥብ መሪነት አይባልም።

ከዚያም የእኛ ምርጫ በየምርጫ ክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘ የሚያሸንፍበት ነው። 1,000 ሰው ለ547 የምርጫ ክልል ቢካፈል ለአንዱ ሁለት ሰው እንኳ አይደርስም። በ1997 ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ ወንበሮች ጠቅልሎ ወሰደ። በአገር ደረጃ ግን ምርጫ ቦርድ ያሳወቀው ለኢሕአዴግ 327፣ ለቅንጅት 109 ነበር። ቅንጅት ቆጠራውን አልተቀበለም፤ ክርክሩ ዛሬም አልሞተም። ግን ቦርዱ ሳይናገር ሁለቱም ወገን አሸነፍኩ ብሎ ስለነበር፣ ሕዝቡ የየራሱን ውጤት ይዞ ነው የጠበቀው። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በተፈጠረው ሁከት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን ፓርላማው ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን አረጋግጧል። የችኮላ ቁጥር ብቻውን ሰው ገደለ እያልኩ አይደለም። ግን “ያለቀ ነገር ነው” ስባል የሚያስደነግጠኝ ይኸው ነው።

ሰቃ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። መጠይቁ በአማርኛ ተዘጋጅቶ ቢመጣ ገጠሩ የሚናገረው አፋን ኦሮሞ ነው። ቡና ለቀማ ላይ ቢመጡ ቤት ውስጥ ማን ይገኛል? ስልኩ የአባወራው ከሆነ የሚስትየዋን ሐሳብ ማን ሰማ? ደሞ ተገኝተው ቢጠየቁስ! የማያውቁት ሰው፣ ደብተር ይዞ፣ “ማንን ትመርጣለህ?” ቢል፣ ማዳበሪያውን ከቀበሌ የሚጠብቅ ገበሬ ምን ይላል? ወይ “መንግሥትን” ይላል፣ ወይ “ገና አልወሰንኩም”። ፉክክሩ ጠባብ ሲሆን ከመሪው ቁጥር ይልቅ ያልወሰኑትንና አንናገርም ያሉትን የማየው ለዚህ ነው። 4 ነጥብ ልዩነት ባለበት 20 ከመቶው ዝም ካለ፣ ውድድሩ ያለው ዝም ባሉት ዘንድ ነው።

ጥናት አይሠራ አልልም፤ እንደውም ያንሰናል። መገናኛ ብዙኃን ቁጥሩን ሲያወጡ ግን ማን አስጠናው፣ መቼ፣ የትኞቹ ወረዳዎች፣ በየትኛው ቋንቋ፣ ስንቱ እምቢ አለ የሚለውን አብረው ያውጡ። አዛውንቱ ላነሱት ጥያቄ ልጁ ስልኩን ወደ ላይ ወደ ታች ቢያገላብጥ መልስ አላገኘም።