ወርዋሪውን አሳርፎ እሱ ያነክሳል

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ላፍቶ ቤታችን ቡና እየቆላሁ ሳለ የልጅ ልጄ ሶፋው ላይ እንደተጋደመ «ኧረ ይሄ ሰውዬ ደክሞታል፣ ላውጣው!» ብሎ ጮኸ። ሠላሳ ምናምን ዓመት በነርስነት ስለሠራሁ «ደክሞታል» ሲባል ዝም ማለት አይሆንልኝም። ማን ነው የደከመው ብዬ ዞር ብል ከስልኩ በቀር ማንም የለም።

ሜሪላንድ ካለው የአክስቱ ልጅ ጋር በኢንተርኔት ቤዝቦል ይጫወታሉ። እያንዳንዳቸው ቡድን አላቸው፤ አሠልጣኙም አለቃውም እነሱ ናቸው። «እቴቴ ነይ እይው» አለኝና ቁሌቱን አውርጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል። የገና ጨዋታ ነው እንዳልል ኳሷ መሬት ለመሬት አትሄድም። ወርዋሪው ከመቺው 18 ሜትር ተኩል ገደማ ርቆ ይቆማል። ከስሙ ሥር አረንጓዴ መስመር አለች፤ በወረወረ ቁጥር ታጥራለች፣ ቢጫ ትሆናለች፣ ከዚያ ትቀላለች። ስትቀላ ኳሱ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ያሰበበት ቦታም አያርፍም። በማግሥቱ ቢያስገባው ገና አላገገመም። ዋናው ወርዋሪ አራት አምስት ቀን ማረፍ አለበት። ተቀያሪዎቹንም ዛሬ ከጨረሳቸው ነገ የሚያስገባው ሰው ያጣል። ልጁ ይህን ሁሉ በሂሳብ ደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ አስፍሮታል፦ ማን ስንት ወረወረ፣ መቼ አረፈ። (በሂሳብ ፈተናው እንዲህ ቢጠነቀቅ እናቱ ምንኛ በታደለች!)

ነገሩ የጨዋታ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የልጆች ቤዝቦል ሊግ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሚቆጥረው ውርወራ ነው። የ11 እና የ12 ዓመት ልጅ በቀን ከ85 ጊዜ በላይ አይወረውርም፤ 66 ከደረሰ ደግሞ አራት ቀን ያርፋል። ምክንያቱ ክርን ነው። ቶሚ ጆን የሚባል ወርዋሪ የክርኑ ጅማት ተበጥሶ እ.ኤ.አ. በ1974 ዶክተር ፍራንክ ጆብ ከሌላኛው እጁ ጅማት ወስዶ ተካለት። ሰውየው ከአንድ ዓመት በላይ አርፎ ተመልሶ እስከ 1989 ተጫወተ። ቀዶ ሕክምናው ዛሬም በስሙ ይጠራል። የሚያሳዝነው አሁን ብዙ ወጣቶችም የሚሠሩት መሆኑ ነው።

ቡናው ፈልቶ «ቆሎውን አቀብለኝ» አልኩት። ተነሥቶ ሲሄድ በቀኝ እግሩ ጣቶች ብቻ ነው የሚረግጠው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከዚያ በፊትም አይቼዋለሁ። «ጫማህ ጠቦህ ነው» ብዬ አልፌዋለሁ። አስቀመጥኩትና ተረከዙን ከግራና ከቀኝ በሁለት ጣት ጨመቅ ሳደርገው ከሶፋው ዘለለ። ከስምንት እስከ አሥራ አራት ዓመት ባሉ ሯጭና ኳስ ተጫዋች ልጆች የተለመደ ነው። በዚያ ዕድሜ ተረከዝ ላይ አጥንቱ የሚያድግበት ገና ያልጠነከረ ቦታ አለ፤ ከባት የሚወርደው ወፍራም ጅማት በየሩጫው ይጎትተዋል። አንዳንዱን ልጅ ከጉልበቱ ሎሚ በታች፣ ጅማቱ ከቅልጥሙ አጥንት በሚያያዝበት ላይ ያብጠዋል። ሁለቱም ልጁ ሲያድግ የሚተዉት ናቸው፤ ግን ዕረፍት ይፈልጋሉ። ብርድ አይደለም። ወጌሻ ጋ ወስዶ ማሳሸትና ማስጎተትም የታመመውን ቦታ ይበልጥ ማስቆጣት ነው።

ለካ እናቱ ለሁለት ሳምንት ዳይክሎፌናክ ስትሰጠው ኖራለች። «አሠልጣኙ ነው ያለኝ፣ ውጦ ይገባል» አለችኝ። ልጄ ናትና አልጮህኩባትም፤ ትንሽ ጮህኩ። ኪኒኑ ሕመሙን ይደብቀዋል እንጂ ጅማቱ መጎተቱን አይተውም፤ ጨጓራንና ኩላሊትንም ይጎዳል። ለልጅ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ አይደለም።

ቁጭ ብለን ደመርነው። ለትምህርት ቤቱ ሦስት ቀን፣ ለሰፈሩ ቡድን ሦስት ቀን፣ እሑድ ግጥሚያ። በሳምንት 15 ሰዓት፣ ያውም ጠጠር ሜዳ ላይ! የሕፃናት ስፖርት ሐኪሞች የሚመክሩት የሥልጠናው ሰዓት ከልጁ ዕድሜ እንዳይበልጥ፣ በሳምንትም አንድ ወይም ሁለት ቀን ጨርሶ እንዲያርፍ ነው። የእኛው ልጅ 12 ዓመቱ ነው፤ የዕረፍት ቀኑ ደግሞ ዜሮ። ሁለቱ አሠልጣኞች አይተዋወቁም፤ እያንዳንዱ የሚያውቀው የራሱን ሦስት ቀን ብቻ ነው።

«እኔ ካረፍኩ ቦታዬን ሌላ ይይዘዋል» አለ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ይህን መናቅ አልቻልኩም፤ እውነቱን ነው። ስለ አበበ ቢቂላ ነገርኩት። ሮምንና ቶኪዮን ያሸነፈው ሰው እ.ኤ.አ. በ1968 ሜክሲኮ ላይ እግሩን እያመመው ተነሥቶ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋረጠ፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ አመጣው። «አበበም ቢሆን?» አለኝ። አበበም ቢሆን።

ከዚያ የሂሳብ ደብተሩን አስመጣሁና ከወርዋሪዎቹ ስም ሥር የራሱን ስም አስጻፍኩት። ሦስት ሳምንት ሩጫ የለም። ከተጫወተ በኋላ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ፣ ባቱን በቀስታ ማሳሳብ፣ ለስላሳ ተረከዝ ያለው ጫማ። በስልኩ መጫወት ይችላል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ሕመሙ ልጁን ሌሊት ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ከሆነ፣ ትኩሳት ካለው፣ እብጠቱ ከቀላና ከሞቀ፣ ወይም ወድቆ እግሩን መርገጥ ካቃተው ድካም ነው ብላችሁ አትጠብቁ። በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

እናቱ ለሁለቱም አሠልጣኞች ደወለች። አንዱ «ይረፍ፣ ቦታው አለ» አላት፤ ሌላው ዝም ብሎ ስልኩን ዘጋው። ልጁ እሑድ እሑድ ሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ደብተሩን ይዞ የጓደኞቹን ሩጫ ይቆጥራል። ሐሙስ ዕለት ተረከዙን ስጨምቀው ፊቱን ብቻ ነው ያጨማደደው። «አረንጓዴ ሆንኩ?» አለኝ። ቢጫ ነህ አልኩት።