ስለ ፑል ጨዋታና ስለ ውርርዱ

ከሥራ በኋላ መጫወት ለሰው ልጅ ዕረፍት መሆኑን የሚክድ ማንም የለም። ክርክሩ የሚነሣው ጨዋታው ከዕረፍትነት አልፎ የተማሪውን ቀንና የወላጁን ገንዘብ መብላት በጀመረ ጊዜ ነው። በባሕር ዳር ከተማ በሹም አቦም ሆነ በሌላው ሰፈር ከቀትር በኋላ በእግሩ የሚያልፍ ሰው፥ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ከበው ፑል የሚጫወቱ ወጣቶችን ያያል። የተሸነፈው የጠረጴዛውን ኪራይ ይከፍላል፤ ይህ የተለመደ ነው። ከኪራዩ በላይ ሌላ ገንዘብ የተያዘበት እንደ ሆነ ግን ጨዋታው በዚያው ሰዓት ቁማር ይሆናል። የሰፈሩ ስም ሹምንና አቦን በአንድነት የሚያስጠራ እንደ መሆኑ መጠን፥ ነገሩም ሹማምንትንና ካህናትን በአንድነት የሚመለከት ነው።

በየከተማው እስከ ዛሬ የተለመደው መድኃኒት ቤቱን ማሸግና መምቻውን እንጨት መሰብሰብ ነው። ጠረጴዛው ግን ጥቂት ቆይቶ በሌላ ጓሮ ይዘረጋል፤ አሁን ደግሞ በር ተዘግቶበት ነውና ከፊተኛው ይልቅ የከፋ ይሆናል። ጥፋቱ በጠረጴዛው ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱ በሠራ ነበር። አባቶቻችንም ገበጣና ሰንጠረዥ ይጫወቱ ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ትግሬ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቶ ጽፏል። ስለዚህ ራስን ሥራ ፈት ያላቸው የለም።

ለዚህ ነገር ምሳሌ የሚሆነን የፑል ታላቅ ወንድም፥ እንግሊዞች ስኑከር የሚሉት ጨዋታ ነው። የተጀመረው በ1867 ዓ.ም. በህንድ አገር በጀበልፑር በነበሩ የእንግሊዝ መኮንኖች ዘንድ እንደ ሆነ ይነገራል። 15 ቀይ ኳሶች፥ ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸው 6 ኳሶችና አንዲት ነጭ መምቻ ኳስ አሉት፤ ቀዩ 1፥ ጥቁሩ 7 ነጥብ ያወጣል። ከአንዱ ቀይ በኋላ ሁልጊዜ ጥቁሩን እያገባ፥ በመጨረሻም ቀለሞቹን በተራቸው አግብቶ ሳይስት የሚፈጽም ሰው 147 ይቈጥራል። ይህም ጨዋታ በአገሩ በጢስ በታጠነ አዳራሽ ያደገ፥ በርሱ የሠለጠነ ወጣት ዕድሜውን አባክኗል የሚባልበት ነበረ። በ1919 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የዓለም ውድድር ያሸነፉት ሚስተር ጆ ዴቪስ ያገኙት 6 ፓውንድ ከ10 ሽልንግ ብቻ ነው። በ2017 ዓ.ም. ለአሸናፊው የተከፈለው ግን 500 ሺሕ ፓውንድ ሆነ።

በመካከሉ የገባው ሥርዓት ነው። የውድድሩ ዘመን ከሰኔ ገደማ ተነሥቶ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ይዘልቃል፤ በኅዳር በዮርክ፥ በጥር በለንደን፥ በመጨረሻም ከ1969 ዓ.ም. ወዲህ በሼፊልድ ከተማ በአንድ ትያትር ቤት 17 ቀን የሚፈጀው ታላቁ ውድድር ይደረጋል። የያንዳንዱ ተጫዋች ማዕርግ የሁለት ዓመት ገቢው ተደምሮ ይወሰናል፤ ውሉን ጨርሶ ከ64ኛው በታች የተገኘ ሰው ቦታውን ለሌላ ይለቃል። እኛን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ግን ይህ ነው፤ ተጫዋቹ ልብሱ ኳስ ነክቶበት ዳኛው ባያይ፥ ጥፋቱን ራሱ ተናግሮ ይቀመጣል። ኑዛዜን ለሚያስተምሩ አባቶቻችን ይህ እንግዳ ነገር አይሆንባቸውም።

ዳሩ ግን ገንዘብ በበዛበት ስፍራ ፈተና አይጠፋም። በ2015 ዓ.ም. በግንቦት ወር ዐሥር የቻይና ተጫዋቾች ጨዋታን በገንዘብ በመሸጥና በውርርድ ተከሰው ተፈረደባቸው። ዋናዎቹ ሁለቱ ለዕድሜ ልካቸው ታገዱ። ዣዎ ሺንቶንግ የተባለው ወጣት የራሱን ጨዋታ አልሸጠም፤ ነገር ግን ሌላው ሲሸጥ ተባብሯል፥ ራሱም ተወራርዷል፤ ስለዚህ 20 ወር ታገደ። ቅጣቱን ፈጽሞ ሲመለስም ማዕርጉን አጥቶ ነበርና ከማጣሪያው ግርጌ ጀመረ። እኛ የአርበኞችን ድል በምናከብርበት ቀን፥ ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.፥ ማርክ ዊልያምስን 18 ለ12 አሸንፎ ከእስያ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

እነሆ፥ ፈራጆቹ ጨዋታውን አልዘጉም፤ ውርርዱን ቀጡ። ቅጣቱንም እንደ በደሉ መጠን ለያዩት፤ መመለሻ ለሚገባውም የመመለሻውን ቀን ቈረጡለት። ቀኖና የሰጠ የነፍስ አባት የሚያደርገው እንዲሁ አይደለምን? በእኛ ከተማ ግን በውርርድ የተያዘውም፥ ቆሞ ሲመለከት የተገኘውም አንድነት ይባረራሉ።

ሁሉን እንኮርጅ ማለታችን አይደለም። የእነርሱ ውድድሮች ለብዙ ዘመን የትምባሆ ፋብሪካ፥ በኋላም የአወራራጅ ድርጅቶች ስም ተሸክመዋል፤ ውርርድን እየቀጡ ከአወራራጅ ገንዘብ መቀበል እንዴት እንደሚስማማ ለእኛ አልተገለጠልንም።

የምንጠይቀው ይህን ነው። ጠረጴዛው ከትምህርት ቤት ደጃፍ ይራቅ፤ በትምህርት ሰዓት አይከፈት፤ ገንዘብ ያስያዘ ባለቤት በታወቀ መጠን ይቀጣ፤ በድጋሚ ቢገኝ ፈቃዱን ይጣ። የስፖርት ጉዳይ የተሰጣቸው ሹማምንት ዳኛና የተቈረጠ ቀን ያለው ውድድር በየሰፈሩ ያቁሙ፤ ሽልማቱም ከተጫዋቾች ኪስ የተዋጣ አይሁን። ካህናትም ልጁን ከጠረጴዛው ዘንድ ሲያገኙት ከመገሠጻቸው በፊት ገንዘብ አስይዞ እንደ ሆነና እንዳልሆነ ይጠይቁት። ሥራው የሚጀመረው ቤቶቹን በመቍጠርና ባለቤቶቹን በመመዝገብ ነው፤ ለዚህም አንድ ጸሐፊና አንድ መዝገብ ይበቃሉ።