የመሪ አንገት ከምን ይሠራ?

ቢስክሌት የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀለሙን አይቶ፥ ጎማውን ጫን ጫን አድርጎ፥ ደወሉን ሞክሮ ዋጋ ይጠይቃል። መሪውን ከሹካው ጋር የሚያያይዘውን አጭር አንገት ግን የሚመረምር ጥቂት ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን በተያዘ ጊዜ የነጂው ክብደት የሚጫነው በዚህ ዕቃ ላይ ነው። ጎማ ቢፈነዳ ወርዶ መግፋት ነው፤ አንገት ቢሰበር ግን ጥርስም አይተርፍ።

ለዚህ ሥራ የሚውሉት ብረት፥ አሉሚኒየም፥ ታይታኒየምና ካርቦን ናቸው። አንድ ኪዩቢክ ሳንቲሜትር ብረት 7.8 ግራም ያህል ሲመዝን አሉሚኒየም 2.7 ግራም ብቻ ነው። ታዲያ ቀላሉን ልግዛ የሚል አይጠፋም። ነገር ግን አሉሚኒየም ግትርነቱ የብረት ሲሶ ነውና ወፈር ተደርጎ ካልተሠራ ይለመጣል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ድካሙ ነው። ብረት ጫናው ከተወሰነ ልክ እስካላለፈ ድረስ ሚሊዮን ጊዜ ቢወዛወዝ አይደክምም፤ አሉሚኒየም እንዲህ ያለ ወሰን ስለሌለው ንዝረቱ ሲጠራቀምበት ቆይቶ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 በፓሪስ-ሩቤ ውድድር አሜሪካዊው ጆርጅ ሂንካፒ በድንጋይ ንጣፍ መንገድ ሲጋልብ ከአሉሚኒየም የተሠራው የሹካው ቱቦ ተቆርጦ መሪው በእጁ ቀረ፤ ወድቆም ትከሻው ተጎዳ። በዚያው ቀን ቀደም ብሎ አንድ ጊዜ ወድቆ ነበር። ስለዚህ አሮጌ ቢስክሌት የሚገዛ ሰው መውደቅ አለመውደቁን ይጠይቅ፤ አንገቱንም በጨርቅ ጠርጎ በፀሐይ ብርሃን ይመልከት።

ታይታኒየም ያማረ ነው። ኤዲ መርክስ በ1972 በሜክሲኮ ከተማ በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ሲነዳ የመሪው አንገት ታይታኒየም ነበር። ያ ግን ለለስላሳ የውድድር ሜዳ የታሰበ ነው፤ ቢሮ ለመግባት የወር ደመወዝ ማፍሰስ አያሻም። ካርቦንም ቀላል ቢሆን ቡሎኑ ከልኩ አልፎ ከጠበቀ ውስጥ ውስጡን ይሰነጠቃል፤ የማጥበቂያውን ልክ የሚያሳይ መፍቻ የሌለው ሠራተኛ ባይነካው ይሻላል።

ለዕለት መመላለሻ፥ ተቀጥቅጦ የተሠራ ወፈር ያለ አሉሚኒየም ወይም ብረት ይበቃል። የአሉሚኒየም አንገት በብረት ሹካ ውስጥ ሲገባ ግን ግራሶ ይቀባ፤ አለዚያ ላብና ዝናብ ሁለቱን አጣብቆ በመዶሻም አይላቀቁም። በአንገቱ ላይ የተቀረጸው የመጨረሻ መሥመርም ከሹካው ውጭ መታየት የለበትም።

ቸርኬውን በተመለከተ ግን አሉሚኒየም ያለ ክርክር ይመረጣል፤ የሚያብረቀርቀው የብረት ቸርኬ በክረምት ሲርስ የፍሬኑ ላስቲክ ይንሸራተትበታል።